ከበለሱ ሥር የተቀበረው እጅ

አባቴ የብረቱን እጅ ከበለሱ ዛፍ ሥር የቀበረው እናቴ በተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁለቱም ሲቀበሩ ቆሜ አይቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው ሲቀበርም፣ ብረት ሲቀበርም አላየሁም። ስለዚህ አንዱን በሌላው ፈታሁት። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

የምንኖረው ከፍሎረንስ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በሲኞር አልቤሪጎ ቪላ ግቢ ውስጥ ነበር። ቪላው ከላይ ነው። ከመሃል የሎሚ ዛፎቹ በብርድ ወራት ከነሸክላቸው የሚገቡበት ቤት አለ። ከታች የእኛ ሁለት ክፍልና የአባቴ ምድጃ። ሲኞር አልቤሪጎን ሁላችንም «ጌታው» እንላቸው ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ዕቃ ነበራቸው። ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነገር ካዩ አያልፉም፤ በእንጨት ላይ የተሣሉ ማርያሞች፣ ሰይፍ፣ ጦር፣ የራስ ቁር፣ የብረት ጥሩር። ግድግዳው ሞልቶ ወደ ጣሪያው፣ ጣሪያው ሞልቶ ወደ ደረጃው ደርሶ ነበር። በየሳምንቱ በሬ የሚጎትተው ጋሪ ዳገቱን ይወጣል። ሣጥን ይወርዳል። ክዳኑ ሲነሣ ጭድ ይታያል፤ ከጭዱ ውስጥ የብረት ክንድ ወይም የብረት ደረት ብቅ ይላል።

ወጥ ቤቱን የሚያዙት እትዬ ዘሊንዳ ሣጥን በመጣ ቁጥር እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይወጡና ያማርራሉ።

«ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣልን! አይበላ፣ አይጠጣ፣ አቧራ መሰብሰብ ብቻ።»

«ሾርባዎን አያማብዎትም፣ እትዬ ዘሊንዳ» ይላቸዋል አባቴ። «ከዚህ የተሻለ እንግዳ ከየት ያገኛሉ?»

«አንተ ዛኖቢ፣ እሱን ሾርባ ሁለት ሳህን የምትበላው ግን አንተ ነህ!»

ይህ እናቴ በሕይወት ሳለች ነው። ያኔ አባቴ ቀልድ ያውቅ ነበር።

ሥራው የጎደለውን መሙላት ነው። የድሮ ጥሩር ሙሉ ሆኖ አይመጣም። ትከሻ ይጎድለዋል፣ ጉልበት ይጎድለዋል። ጌታው በገሃድ ያዙታል፤ እሱም ይሠራል። የሠራው ሁሉ በጌታው መዝገብ «የዛኖቢ ሥራ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከውስጥ በኩልም ትንሽ ምልክት ይመታበታል። ጌታው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ድሮ የተሠራው የድሮ ነው፣ ዛሬ የተሠራው የዛሬ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው የመዶሻውን ድምፅ ብቻ ነበር።

እናቴ ኤርሲሊያ በየካቲት፣ በትኩሳት፣ በስድስት ቀን ውስጥ ሞተች። ቄሱ በመቃብሩ አፍ ቆመው እንደምትነሣ ተናገሩ። መቼ እንደሆነ አልተናገሩም። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ብዙ አልተናገረም። ምሳ ያቀርብልኛል፣ ይቀመጣል፣ ዳቦውን ያያል። እኔም ዳቦውን አያለሁ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን ነው አንድ የቀኝ እጅ ጓንት መቀጥቀጥ የጀመረው። ብረቱን ከአሮጌ የገዳም በር ማጠፊያ ነው ያወጣው። ጣቶቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት እርስ በርስ የተደራረቡ ናቸው፤ ሲታጠፉ ይታጠፋሉ፣ ሲዘረጉ ይዘረጋሉ። እጄን አስገባሁበት። ውስጡ ይቀዘቅዛል። በዚህኛው ላይ ምልክት አልመታበትም። እኔ ምኑንም ልብ አላልኩም።

አንድ ጠዋት ጓንቱን በጨውና በኮምጣጤ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው በለስ ወሰደው። ጉድጓድ ቆፈረ። አስገባው። የፈረስ ፋንድያ አለበሰው፣ ከዚያ አፈር።

«ለማንም አትናገር» አለኝ።

«እሺ።»

«ጠዋት ጠዋት ስትነሣ እዚህ ሽና።»

«ለምን?»

«እንዲበስል።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙ የተነጋገረው ያን ቀን ነው። ስለዚህ አንዲቱን ቃል እንኳ አልረሳሁም። በየማለዳው ወጥቼ የታዘዝኩትን አደረግሁ። ዝናብ ቢዘንብም አልቀረሁም።

በሐምሌ፣ በለሱ ፍሬ ሲያንጠለጥል፣ አባቴ ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ። የወጣውን ነገር አላወቅሁትም። ጠቁሯል፣ ተቦርቡሯል፣ የሆነ ግርማ ለብሷል። አባቴ ምራቁን እንትፍ አለበት፤ በእጅጌው ጠረገው፤ አየው፤ ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ያዝ» አለኝ።

ያዝኩት። ሲቀበር ከነበረው የከበደ መሰለኝ።

ኦርላንዲ የሚባል የጥንት ዕቃ ነጋዴ ከከተማ መጥቶ ለአባቴ ገንዘብ ቆጠረለትና በመሐረብ ጠቅልሎ ወሰደው። ከወር በኋላ ያው እጅ በሣጥን ውስጥ፣ በጭድ ላይ ተኝቶ፣ በጋሪ ወደ ቪላው መጣ። ከማንቱዋ፣ ከአንድ የመነኮሳት ገዳም ምድር ቤት ተገኘ ተባለ። ጌታው ራሳቸው ደረጃውን ወርደው ተቀበሉት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ቤት ባርኔጣቸውን ለሰው ሲያወልቁ አላየሁም።

በትልቁ አዳራሽ የእንጨት ፈረሶች በሰልፍ ቆመዋል፤ በየፈረሱ ላይ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ አለ። በጥሩሩ ውስጥ ያለው ጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ ነው። የፊተኛው ፈረሰኛ ቀኝ እጅ አልነበረውም፤ ጌታው እጁን ለአሥራ አንድ ዓመት ሲፈልጉለት ኖረዋል። ያን ቀን ገጠሙለት። ልክክ አለ። እትዬ ዘሊንዳ እንኳ አማተቡ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም አየሁ። የተቀበረ ነገር ይቆያል፣ ይበስላል፣ ይወጣል። ሲወጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ጌታውም ባርኔጣ ያወልቃሉ።

እናቴን እንዴት እንደማፈጥናት ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰላሁ። ከእትዬ ዘሊንዳ መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤና ጭብጥ ጨው ሰረቅሁ። የመቃብሩ ቦታ ከቪላው ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ጨውን በተንኩ፣ ኮምጣጤውን ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ሽንቱን ግን አልደፈርኩም። እናቴ ናት።

መቃብር ቆፋሪው ቤቶ ያዘኝ። አንድ ዓይኑ ነጭ ነው።

«አንተ! ሰላጣ ነው እንዴ የምትሠራው? አበባዎቼን ልትገድል!»

«እናቴ ቶሎ እንድትወጣ ነው።»

ቤቶ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግረው ሰው የለውም።

«ምን አስቸኮለህ? አሥር ዓመት ጠብቅ። አሥር ዓመት ሲሞላ እኔው ራሴ አወጣልሃለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሥራዬ እኮ ነው!»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። አሥር ዓመት ብዙ ነው፤ ግን ቁጥር ነው። በበሩ እንጨት ላይ አሥር መስመር በምስማር ጫርኩ። ቤቶ የተናገረው እውነት ነበር። በእኛ አገር ድሃ ለአሥር ዓመት ይቀበራል። ከዚያ አጥንቱ ይወጣና ከሌሎች አጥንት ጋር በአንድ ጉድጓድ ይጨመራል፤ ቦታው ለሌላ ሬሳ ይሰጣል። ቦታውን ለዘላለም የገዛ ብቻ ነው የማይነካው። ይህን እዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን አያውቀውም።

በጥቅምት ቤቶ የአካፋውን እጀታ ሊያስጠብቅ ወደ ምድጃችን መጣ። እኔ ከወናፉ ጀርባ ነበርኩ።

«ዛኖቢ፣ ወረቀቱ ደረሰኝ» አለው። «ጉደኛ ነህ! ለዘላለም ገዛህላት?»

«ለዘላለም።»

«እንግዲህ ኤርሲሊያን እኔም አላወጣትም፣ ልጄም አያወጣትም።»

«አትወጣም» አለ አባቴ። «ማንም አያወጣትም። እዚያው ትቆያለች።»

ይህን ብሎ ፈገግ አለ። ከየካቲት ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የብረቱን እጅ ሲያወጣው አራት ወር ነው የፈጀበት፤ እናቴን ግን አላወጣትም ብሎ ከመቃብር ቆፋሪ ጋር ተዋዋለ። ደግሞም ፈገግ አለ።

አባቴን የሚያዝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ የእንጨት ጫማዬን ደረጃው ላይ አውልቄ አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። ጌታው በፈረሰኞቹ መሃል ወንበር አስቀምጠው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። መጽሐፍም አልያዙም፣ ትምባሆም አያጨሱም። ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«የዛኖቢ ልጅ አይደለህም? ቅረብ። አይናከሱም።»

«ፈረሶቹ?»

«ፈረሰኞቹ።»

ቀረብኩ። ጌታው የፊተኛውን ፈረሰኛ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ያን እጅ ታያለህ? ከባለቤቱ ተለይቶ ሦስት መቶ ዓመት በሰው አገር ኖረ። አገናኘኋቸው።» ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ወደዚህ ቤት የሚመጣው ሁሉ ይዋሸኛል። ነጋዴው ይዋሸኛል፣ የእህቴ ልጅ ይዋሸኛል። እነዚህ ብቻ አይዋሹም። ለዚህ ነው ከእነሱ ጋር የምቀመጠው። ምን ፈልገህ መጣህ?»

«አባቴን ይዘዙልኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን ብዬ?»

«እናቴን እንዲያወጣት።»

ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እናትህ ሞታለች፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ተቀብራለች። ግን አላወጣትም አለ። ለቤቶም ወረቀት ሰጠው። ያኛውን ያወጣው በአራት ወር ነው። እሷን ለዘላለም አላወጣትም አለ!» ማልቀስ ጀመርኩ።

«ያኛውን የቱን?»

የፈረሰኛውን ቀኝ እጅ በጣቴ አሳየሁ። «ከበለሱ ሥር የቀበረውን። እኔም አግዤዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሸንቼበታለሁ።»

ጌታው ተነሥተው ወደ ፈረሰኛው ሄዱ፤ የብረቱን እጅ፣ ሰው ሰላም እንደሚል፣ ጨበጡት። እንደጨበጡት ቆዩ።

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ሂድ። አባትህን አነጋግረዋለሁ።»

«ያወጣታል?»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በእናቴ ነገር ያዘኑ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ። ዛሬ ያዘኑበትን አውቃለሁ። ሆኖም በእናቴ ነገር ፈጽሞ አላዘኑም ብዬ መማል አልችልም።

በማግስቱ አባቴ ወደ ላይ ተጠራ። ብዙ አልቆየም። ሲመለስ እኔ በራፉ ላይ ነበርኩ። ፊቴ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየኝ። እጁን አነሣ፤ መልሶ አወረደው።

«ቁርስ በልተሃል?» አለኝ።

«በልቻለሁ።»

አካፋ ይዞ ወደ በለሱ ሄደ። ከሥሩ ሌላ የቀበረው የጩቤ እጀታ ነበር፤ አውጥቶ የውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው። ከዚያ መዶሻዎቹን፣ ወናፉን፣ ፍራሹን ጋሪ ላይ መጫን ጀመረ። አካፋውንም ጫነ። አካፋ ለሌላ ለምን ያስፈልገናል? ሮጬ ፊቴን ታጠብኩ። የቤተ ክርስቲያን ሸሚዜን ለበስኩ። ከሣጥኑ የእናቴን የሱፍ ሻሽ አውጥቼ በብብቴ ሸጎጥኩ። ስትወጣ ይበርዳታል።

እትዬ ዘሊንዳ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው መጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዛኖቢ፣ ማን ነው ይህን ክፉ ምላስ የዘረጋው? ከሥሩ ይበጠስና!»

«ኦርላንዲ ነው፣ እትዬ» አለ አባቴ። «ጠጥቶ ለፈለፈ።»

ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ግን እኔም ኦርላንዲን ጠላሁት።

ጋሪው ቁልቁል ወረደ። የመቃብሩ ቦታ ጥዶች ታዩ። በጉልበቴ ቆምኩ። የብረት በሩ መጣ፤ ቤቶ በሩ ላይ ነበር፤ እጁን አነሣልን። በሩ አለፈ።

«አባዬ! አለፍነው!»

አባቴ ፊት ፊቱን ያያል።

«አባዬ! አካፋውን ይዘን! አለፍነው እኮ!»

ያኔ ዞረ። ከብብቴ የወጣውን የሻሹን ጫፍ አየ። ሳበው፣ ዘረጋው፣ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ከዚያ አንገቴ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመልኝ። ነፋስ ነበር። ሻሹ እሷን እሷን ይሸታል።

ሊቮርኖ ገባን። አባቴ በወደቡ የመርከብ ሰንሰለት ሲቀጠቅጥ ኖረ። ጥሩር የሚሠራ እጅ ሰንሰለት ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ያውቀዋል። ጌታው ገንዘባቸውን ከኦርላንዲ ጠየቁ፤ ኦርላንዲ ከአባቴ ጠየቀ፤ አባቴ የመቃብሩን ወረቀት መልሶ የከፈለውን ተቀብሎ ሰጠ። የእናቴ «ለዘላለም» ተመልሶ አሥር ዓመት ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ቀን የጎበጠ ምስማር እያቀናሁ ሳለ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባኝ። ማንም አላስረዳኝም። መዶሻውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ እስኪመሽ ወደብ ላይ ተቀመጥኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ሰው ከሊቮርኖ በፊት የት ነበርክ ብሎ በጠየቀው ቁጥር «አንድ ኦርላንዲ የሚባል ሰካራም እንጀራዬን ዘጋብኝ» እያለ ይመልስ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። የቤታችን ዝምታ የእሱ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የሁለታችንም ሆነ።

ጌታው ከሞቱ በኋላ ቪላው ሙዚየም ሆኗል። ከጥቂት ዓመት በፊት ገብቼ አየሁት። ፈረሰኛው በቦታው አለ፤ ቀኝ እጁም አለ። ጌታው አላወለቁትም። ለምን እንዳላወለቁት የሚነግረኝ ሰው የለም። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ሁለቱም ጓንቶች የአንድ ሰው ሥራ ናቸው ይላል። ጠባቂው «አባት፣ አይንኩ» አለኝ። «አልነካሁም» አልኩት።

እናቴ በተቀበረች በአሥረኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ አጥንቷ የሚወጣበት ቀን ደረሰ የሚል ደብዳቤ ከፍሎረንስ መጥቶልን ነበር። በባቡር ሄድን። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቤቶ ሸብቷል፤ ነጩ ዓይኑ ያው ነው። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

«የኮምጣጤው ልጅ! አላልኩህም? አሥር ዓመት አልኩህ፣ አሥር ዓመት!»

ቤቶ ቆፈረ። የሬሳ ሣጥኑ እንጨት ጋ ሲደርስ አባቴ በእጁ ገፋ አደረገውና «ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። ተንበረከከ። በእጁ አፈሩን ገለጠ። የቆርቆሮ ሣጥን አጠገቡ ነበር፤ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ያነሣል፣ በእጅጌው ይጠርጋል፣ ያያል፣ ደግሞ ይጠርጋል፣ ያስቀምጣል። እጁ ከሰንሰለቱ ሥራ ጠንክሮ አልታጠፍ ይለዋል፤ ግን አንድም አልጣለም። እኔ ቆሜአለሁ።

ወደ መጨረሻው፣ ቀና ሳይል፣ በስሜ ጠራኝ።

«ይኸው ወጣች፣ ኤጂስቶ።»

አንድ አጥንት ጠርጎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ጌታውን የለመንክላት።»

ያን ልመና የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለአባቴ የተናገሩት በዚያው ማግስት፣ አባቴ በራፉ ላይ ቆሞ ቁርስ በልተሃል ወይ ከማለቱ በፊት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ኦርላንዲን የረገመው ጥፋቱን ከእኔ ላይ ሊያነሣ ኖሯል። ኦርላንዲ ጠጪ እንኳ አልነበረም።

«አባዬ—» አልኩ።

«ልጅ ነበርክ» አለ። «እናትህን ነው የፈለግህ።»

ከአፈሩ ውስጥ የመጨረሻውን ነገር አነሣ። የቀኝ እጇ ነበር፤ ትንንሾቹን አጥንቶች በመዳፉ ላይ ሰበሰባቸው። በእጅጌው ጠረጋቸው። ወደ እኔ ዘረጋቸው።

«ያዝ» አለኝ።

ያዝኩ። ከብረቱ ይቀል ነበር።